ደጅ መጥናትና ጸሎት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በአካባቢያችን ደጋግሜ የምሰማው አንድ ንግግር ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደው አንድ ሱባኤ፣ ማለትም 7 ቀን፣ ጾመውና ጸልየው ከተመለሱ በኋላ የለመኑት ሳይሆን ሲቀር «እግዚአብሔር አልሰማኝም» ብለው የዕለት ጸሎታቸውን ጭምር የሚተዉ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ሱባኤ መግባትን አልነቅፍም፤ እኔም ገብቼ አውቃለሁ። የሚያሳዝነኝ ጸሎት ቀን እንደተቆረጠለት ጉዳይ መቆጠሩ ነው።

የሸዋ ሰው ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ ያውቃል። አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ባላገሩ ስንቁን ቋጥሮ ከመንዝና ከቡልጋ እየመጣ፣ «አቤት» እያለ ከደጅ ይከርም ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የምናገኛት መበለትም እንዲህ ያለች ደጅ ጠኚ ናት። ብዙዎቻችን ታሪኳን ስናነብ እግዚአብሔርን በጭቅጭቅ እንደሚረታ ዳኛ እናስበዋለን። ምሳሌው የሚለው ግን ሌላ ነው፤ እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ዳኛ እንኳ ከፈረደላት፣ አባታችንማ ሌትና ቀን ለሚጮኹ ልጆቹ እንዴት አይፈርድም!

እናቴ ይህን ያወቀችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። ታላቅ ወንድሜ ከቤት ወጥቶ ደብዛው ከጠፋ ጀምሮ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ የመንዝ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ባደረበት ቀን ሳይቀር፣ ባናዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ ከደጃፉ ትቆም ነበር። መቁጠሪያዋን ይዛ 41 ጊዜ «እግዚኦ» ትላለች፤ ከዚያ ስሙን ትጠራለች። በዘጠነኛው ዓመት፣ በጉርምስናዬ ድፍረት፣ «እስከ መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ታዲያ ከዚህ ደጅ ተነሥቼ ወዴት ልሂድ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። ደጅ ሲጠና የከረመ ሰው አብረውት የሚጠኑትን ይለምዳል። በመጀመሪያ የወንድሜ ስም ብቻ በነበረበት ጸሎቷ ላይ፣ ልጅ ያጣችው ጎረቤታችን፣ ልጇ የታሰረባት ባልቴት፣ በልግ የከዳው ገበሬ ከዓመት ዓመት እየተጨመሩ ሄዱ፤ ሌሊት ስማቸውን የጠራቻቸውን ሰዎች ደግሞ ቀን የገብስ ዱቄት ይዛ ትጠይቃቸው ነበር። ወንድሜ ሳይመጣ እናቴ ዐርፋለች። ቢሆንም ጸሎቷ ከንቱ ቀረ የሚለኝ ሰው ካለ አልቀበለውም።

ቡልጋ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ በቀረው እግራቸው 7 ዓመት እንደ ጸለዩ በገድላቸው ይነገራል። ሁላችንም እንደ እርሳቸው እንቁም ማለቴ አይደለም። ሞፈርና ቀንበሩን ከመሸከሙ በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደግም ገበሬም፣ ነገም ከነገ ወዲያም ከደገመ፣ በዚያው ደጅ አለ። ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን በዐውደ ምሕረት የተፈወሱትን ሰዎች ምስክርነት ሲያሰሙን፣ መልሱ ሳይታያቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጸለዩትንም እንዲያነሡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የእናቴ መቁጠሪያ ዛሬ በእኔ እጅ ነው። ሌሊት የእነዚያን ጎረቤቶች ስም ስጠራ የወንድሜንም ስም በመካከላቸው እጠራለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሞላሌ፣ ሰሜን ሸዋ