መጀመሪያ ዘይቱን ጠይቅ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው፤ ብርዱ ሲገባ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ።

እሁድ ስትደውል የነገርከኝ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አዲሱን ሥራ ጀምረህ፣ የመጀመሪያውን ደመወዝ ተቀብለህ፣ ብቻህን የአዲሱ ከተማህ የስካርብራ ባሕር ዳርቻ ወርደህ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ፣ ያን የዓሣና የድንች ጥብስ፣ ገዛህ። ግማሹን ጥለህ ወደ ቤትህ ገባህ። «እማ፣ ባሕሩ ፊቴ ነው፤ ዓሣው ግን ሊድስ ሰፈራችን ያለውን አያህልም» አልከኝ። ስልኩ ላይ «አይዞህ» ብዬ ዘጋሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓሣ መጥበሻ አጠገብ ቆሜ ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ለልጄ አልነገርኩትም ማለት ነው። ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፍልህ።

እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ነበር ያሰብኩት። ሀዋሳ ያደገ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? በጠዋት አሞራ ገደል ትሄዳለህ። ጀልባው ይደርሳል፤ መረቡ ይራገፋል። ቆሮሶው ዓይንህ እያየ ይጸዳል፣ ይሸነተራል፣ ዘይት ውስጥ ይገባል። ከሐይቁ እስከ ሳህኑ ጥቂት እርምጃ ነው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፤ እኛም አናቱን አይተን ነበር የምንገዛው። ዓይኑ ካበራ፣ ከጉንጩ ሥር ያለው ቀይ ከሆነ ይበቃል። እዚህ እንግሊዝ አገር ግን አናቱን የሚያሳይህ የለም። አጥንቱ ወጥቶ፣ ፊሌቶ ሆኖ፣ ሊጥ ለብሶ ይቀርብልሃል። የምታየው ልብሱን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የበላኸው ዓሣ ፊትህ ከነበረው ባሕር የወጣ ላይሆን ይችላል። የስካርብራና የዊትቢ ትንንሽ ጀልባዎች በብዛት የሚያወጡት ክራብና ሎብስተር የሚባሉትን ቅርፊታም የባሕር እንስሳት ነው። ጎረቤትህ ብሪድሊንግተንማ በሎብስተር የታወቀች ናት፤ አብዛኛው ግን ወደ ስፔንና ፈረንሳይ ይሄዳል። ሊጥ ለብሶ የሚጠበሰው ኮድና ሀዶክ የሚባለው ነጭ ዓሣ በአብዛኛው ከአይስላንድ፣ ከኖርዌይና ከባረንትስ ባሕር ነው የሚመጣው። ድሮ የሃልና የግሪምስቢ ወደቦች መርከቦች ራሳቸው እዚያ ድረስ ሄደው ያጠምዱ ነበር። ከ1958 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ግን እንግሊዝና አይስላንድ በዓሣ ምክንያት ሦስት ጊዜ ተጋጩ። ኮድ ዎር፣ የኮድ ጦርነት፣ ይሉታል። በመጨረሻ አይስላንድ 200 የባሕር ማይል የራሷ አደረገች፤ የሃልና የግሪምስቢ ሰዎችም ከሥራቸው ተፈናቀሉ። እኔ የምሠራበት ቤት ዓርብ ዓርብ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሃል ተነስተው አይስላንድ ድረስ ይሄዱ ነበር። ያንን ዘመን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። ዓሣቸው እስኪወጣ አጠገባቸው ቆሜ እሰማቸው ነበር።

ስለዚህ «ፍሮዝን ነው»፣ በረዶ ሆኖ የቆየ ነው፣ ሲሉህ ፊትህን አታጥቁር። ትልልቆቹ መርከቦች ዓሣውን በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እዚያው ባሕር ላይ ያቀዘቅዙታል። ብዙ ጊዜ በረዶ ላይ ቀናት ከቆየ «ትኩስ» ዓሣ እሱ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱን የሚያመጣው ዘይቱና የሚጠብሰው ሰው እጅ ነው።

የተሳሳትከው ቦታው ላይ ይመስለኛል። ባሕሩ ፊት ለፊት ከተደረደሩት ቤቶች ብዙዎቹ የሚሸጡት ለአንድ ቀን እንግዳ ነው። እንግዳው ተናዶ ቢሄድ ነገ ሌላ አውቶቡስ ሰው ጭኖ ይመጣል። ዳገቱን ወጥተህ፣ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ያለው ቤት ግን የሚሸጠው ለጎረቤቱ ነው። ማክሰኞ ያበላሸ ዓርብ ደንበኛ አያገኝም። ሁሉም እንዲህ ነው አልልህም። ዊትቢ ወደብ ላይ ያለው ማግፓይ ካፌ ባሕሩ አፍንጫ ሥር ነው፤ ወረፋው ግን ደጅ ድረስ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በእሳት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ጠግነው እንደገና ከፈቱት። ከአባትህ ጋር ሄደን ያን ወረፋ ቆመናል። አላስቆጨንም። 199ኙን የዊትቢ ደረጃ ወጥተን ገዳሙን ካየን በኋላ ነበር፤ ርሃቡም ረድቶን ይሆናል። ከስካርብራ ኤክስ 93 አውቶቡስ ያደርስሃል።

ያንተን ከተማ ቤቶች ግን ከእኔ ይልቅ እዚያ የሚኖር ሰው ያውቃቸዋል። የሥራ ባልደረቦችህን ጠይቅ። የአውቶቡስ ሾፌሩን ጠይቅ። ስትጠይቅ «ጥሩ የቱ ነው?» አትበል። «አንተ ዓርብ ማታ ለልጆችህ ከየት ትገዛለህ?» በል። መልሱ ይለያያል። ደግሞ በበጋ ቅዳሜ ወረፋ ስላየህ አትታለል። በብርዱ ወራት፣ ማክሰኞ ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ ሰው የቆመበት ቤት ካገኘህ ግን ግባ።

ከመግባትህ በፊት ደጁ ላይ ቆም በል። ጥሩ ዘይት የሚያስጎመጅ ሽታ አለው። ያረጀ ዘይት ግን ጉሮሮ ይከረክራል፤ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ስትገባ ከመጥበሻው በላይ ያለውን ባለመስታወት ማሞቂያ እይ። ሰው ሳይኖር ሰባት ስምንት ዓሣ ተደርድሮ ከተቀመጠ ያንተ ዓሣ የተጠበሰው ከመምጣትህ በፊት ነው። ሊጡ እንፋሎቱን ጠጥቶ ላሽቋል። «አሥር ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ አሁን እንጠብስልሃለን» ካሉህ ግን ደስ ይበልህ። እኛ ቤት ይህን ስንላቸው የሚቆጡ ደንበኞች ነበሩ። እኔ ደግሞ ከልቤ አዝንላቸው ነበር።

የቤቱ ባለቤት ከቆጵሮስ የመጣ ሰው ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሊጡ እንዲቀዘቅዝ፣ ዘይቱ 180 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን፣ መጥበሻው እንዳይጨናነቅ። ብዙ ዓሣ አንዴ ከገባ ዘይቱ ይበርዳል፤ ሊጡም ዘይት ይጠጣል። ማታ ማታ ዘይቱን ሳያጣራ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። እኔ መጀመሪያ የተመደብኩት ጓሮ ድንች ላይ ነው። ማሽኑ ይልጠዋል፤ ዓይን ዓይኑን በቢላ የማወጣው እኔ ነኝ። ጣቶቼ በውሃው ይደነዝዙ ነበር። ማሪስ ፓይፐር የሚሉትን ድንች ያኔ ነው ያወቅኩት።

ስለ ድንቹ ካነሳሁ አይቀር ይህን ልንገርህ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ድንች ብርድ ውስጥ ሲከርም ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። እንዲህ ያለው ድንች ውስጡ በቅጡ ሳይበስል ውጭው ይጠቁራል። በዚህ አገር በጋ መግቢያ ላይ አሮጌው አልቆ አዲሱ ሲገባ ደግሞ ውሃ ይበዛበታል፤ ቺፕሱ ይለሰልሳል። በዚያ ሰሞን ባለቤታችን እያንዳንዱን ጆንያ ከፍቶ፣ አንዲት ድንች ቆርጦ፣ ጠብሶ ሳይቀምስ አያስገባም ነበር። ስለዚህ አንድ ቤት ሰኔ ላይ ቺፕሱ ትንሽ ቢወርድብህ ወዲያው አትፍረድበት። ሁለተኛ ዕድል ስጠው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንተ የ5 ዓመት ልጅ ነበርክ፤ አታስታውሰውም ይሆናል። አያትህ ከሀዋሳ መጥታ፣ «ባሕር አሳዩኝ» ብላ፣ እዚያው ስካርብራ ወሰድናት። ዓርብ ነበር። አያትህ ዓርብና ረቡዕ ሳትጾም የቀረችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዓሣ ግን ትበላ ነበር። እኔ ያኔ ገና ቺፒ፣ ዓሣ መጥበሻ ቤት፣ ሥራ አልጀመርኩም፤ ስለ ዘይት የማውቀው ነገር አልነበረም። 9 ሰዓት እስኪያልፍ ጠብቀን፣ ባሕሩ ፊት ለፊት አንድ ቤት ገባን። ዓሣው የቆየ ነበር፤ ሊጡ ረጥቧል። እሷ ግን ልጇን ላለማሳዘን «ይጣፍጣል» እያለች በላች። ስንወጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። በቢፍ ድሪፒንግ ነው የምንጠብሰው ይላል፤ በበሬ ሞራ ማለት ነው።

እግሬ ከዳኝ። ዝም ልበል ወይስ ልንገራት? ባቡሩ ውስጥ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከዚያ እጄን ይዛ «ሳላውቅ የበላሁትን እሱ ያውቃል፤ አንቺ አታልቅሺ» አለችኝ። አገር ቤት ስትመለስ ለንስሐ አባቷ ነግራለች። እኔ ግን ያን ቀን እስከዛሬ አልረሳሁትም። ጽሑፉ እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ከመግዛቴ በፊት ቀና ብዬ ባየው ወይ አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይበቃ ነበር።

እኛ ባለንበት በዮርክሽር ግዛት በሞራ የሚጠብስ ቤት ብዙ ነው። እነሱ የሚኮሩበት ነገር ነው፤ ጣዕሙም በእውነት ግሩም ነው። በፍስክ ቀን አንተም ቅመሰው። በጾም ቀን ግን ሳታፍር ጠይቅ፦ «በምንድን ነው የምትጠብሱት?» በል። በአትክልት ዘይት የሚጠብስ ቤትም አለ። ሊጡ ውስጥ ወተት ወይም እንቁላል እንዳለም ጠይቅ፤ በብዙ ቤት ዱቄትና ውሃ ነው፤ አንዳንዱ ቢራ ይጨምርበታል። የሚያኮርፍህ ሻጭ አይኖርም። ሙስሊም ጓደኞችህም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ፈረንጆቹ ራሳቸው ዓርብ ቀን ዓሣ የሚበሉት ከጥንት ጾማቸው በቀረ ልማድ ነው። ዓሣን እንዲህ መጥበስን ወደዚህ አገር ያመጡትም ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው ይባላል። ማንም ሰው እንግዳ ሆኖ ስለ ምግቡ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ስታዝ ሀዶክ በል። አንተ ያለህበት አካባቢ ሰው የሚወደው ሀዶክን ነው፤ ወደ ደቡብ ስትወርድ ኮድ ይበዛል። ስክራፕስም ጠይቅ፤ ከሊጡ የሚራገፈው ቅንጥብጣቢ ነው፤ ብዙ ቦታ በነፃ ይሰጡሃል። መሺ ፒስ የሚሉት አተር የእኛን ክክ ያስታውስሃል፤ ከዓሣው ጋር እወደዋለሁ። አቼቶውን ግን ጠርሙሱን አይተህ አድርግ። ብዙ ቤት የሚያስቀምጠው አሴቲክ አሲድ በውሃ ተበጥብጦ ቀለም የተጨመረበት ነው፤ በሕግ አቼቶ ተብሎ መጠራት እንኳ አይችልም። ከገብስ የተሠራውን ከጠየቅህ አንዳንዶቹ ከጓሮ ያወጡልሃል። በሩ ላይ ከ0 እስከ 5 የሚል የንጽሕና ቁጥርም አለ። እንግሊዝ ውስጥ መለጠፍ ግዴታ አይደለም፤ ዌልስ ውስጥ ግን ግዴታ ነው። 5 ያገኘ ሰው አይደብቀውም።

ዋጋው አስደነገጠኝ ብለሃል። እኔንም ያስደነግጠኛል። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሱፍ ዘይት ተወደደ። በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. መንግሥት በሩሲያ ነጭ ዓሣ ላይ 35 በመቶ ቀረጥ ጨመረ። መብራትና ጋዙ ደግሞ አለ። ብዙ ትንንሽ ቤቶች ተዘጉ፤ እኔ የሠራሁበትም አሁን ሌላ ሱቅ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ጥሩ ቤት ካገኘህ ተመላለስበት። ለሚጠብሰው ሰው «ዛሬ ግሩም ነበር» በለው። ያቺን ቃል የሰማሁባቸውን ማታዎች እስካሁን አስታውሳለሁ።

ገዝተህ ስትወጣ ክዳኑን ከፍተህ ያዝ፤ እንፋሎቱ ሊጡን ያበላሸዋል። ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ ተቀመጥ፤ እነዚያ ነጫጭ የባሕር ወፎች ከኋላ ነው የሚመጡት። ቁራጭ አትወርውርላቸው፤ ቀጥሎ የሚቀመጠውን ሕፃን እጅ ይነጥቃሉ።

በሚመጣው ወር በሁለተኛው ሳምንት እመጣለሁ። አባትህ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ስላለው ዓርብ ነው የሚመቸን። ከሊድስ በቀጥታ በሚሄደው ባቡር ቀትር ላይ እንደርሳለን። ብዙ ቺፒ ከሰዓት ይዘጋና ማታ 11 ሰዓት ገደማ ይከፍታል፤ ለጾማችንም ይመቻል። ሲከፈት በሩ ላይ እንቁም። እስከዚያ በአትክልት ዘይት የሚጠብስ ቤት ፈልግልኝ። ሁለት ሦስቱን ቅመስና የቱ እንደሚሻል ጻፍልኝ። እኔ ዳጣ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ እመጣለሁ፤ አያትህ እንደምታዘጋጀው አድርጌ ነው የሠራሁት።

እናትህ፣
ሊድስ