ጉዳዩ፦ ስለ ሦስቱ ደቂቃ (ክፍያ አይደለም፣ አትደንግጡ)

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚፈልገው የብር መጠኑን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ እንደዛው ነው የማነበው። ይሄኛው ብር አይጠይቅም። በቀን ሦስት ደቂቃ ነው የሚጠይቀው፤ ያውም ከልጆቻችሁ ይልቅ ከእናንተ።

ባለፈው ሰኞ ልጆቹ ቤት ሲገቡ «ዛሬ ክፍል ውስጥ ዝም ብለን ተቀመጥን» ብለው ነግረዋችኋል። ስልኬ እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ። አንዲት እናት «ምን አጥፍተው ነው የተቀጡት?» አሉኝ። አንድ አባት «መምህር ቀርቶባቸው ነው?» አሉ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ደግሞ «ሜዲቴሽን የሚባል ነገር ጀመሩ አሉ፣ ይሄ የማን ሃይማኖት ነው?» የሚል ጥያቄ ወጣና ከሥሩ የተጻፈውን መልስ አንብቤ ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳልነግራችሁ መጀመሬ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ።

የምናደርገው ይሄ ነው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ልጆቹ ክፍል ገብተው ቦርሳቸውን ያስቀምጣሉ። ይቀመጣሉ። እግር መሬት፣ እጅ ጭን ላይ። ዓይኑን መጨፈን የፈለገ ይጨፍናል፣ ያልፈለገ ዴስኩን ያያል። ከዚያ ትንፋሻቸውን ይቆጥራሉ፦ ሲያስወጡ አንድ፣ እንደገና ሲያስወጡ ሁለት፣ እንዲህ እያሉ እስከ አስር፣ ከዚያ ተመልሶ ከአንድ። ሙዚቃ የለም፣ ዕጣን የለም፣ የሚደገም ቃል የለም። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ መምህሯ ጠረጴዛውን ቀስ ብላ ታንኳኳና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይጀመራል። የኬጂ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ሆዳቸው ላይ ትንሽ አሻንጉሊት ያስቀምጣሉ፤ ሲተነፍሱ አሻንጉሊቷ ከፍ ዝቅ ትላለች፣ እነሱም እሷን ያያሉ። (አብዛኞቹ ይስቃሉ። ይሳቁ።)

ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት። አራት ላይ ሳትደርሱ ሐሳባችሁ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይሆናል፣ ወይም ትናንት ቢሮ የሰማችሁት ነገር ላይ፣ እና ስትባንኑ አስር ላይ መቆሙን ረስታችሁ አሥራ ሰባት ትላላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «ለኔ አይሆንም፣ ጭንቅላቴ ባዶ አይሆንልኝም» ብሎ የሚተወው። የማንም ጭንቅላት ባዶ አይሆንም። ልብ መምታት ሥራዋ እንደሆነ ሁሉ ማሰብም የአእምሮ ሥራው ነው። መሄዱን አውቃችሁ ወደ አንድ ስትመለሱ፣ እሷ መመለሷ ናት ልምምዱ። ሃምሳ ጊዜ ከሄደ ሃምሳ ጊዜ ትመልሱታላችሁ። ከብት የጠበቀ ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ወደ ሃይማኖቱ ጥያቄ ልምጣ። አልሸፋፍነውም፤ ትንፋሽን እየተከታተሉ መቀመጥ ዛሬ በዓለም የተሰራጨበት መልክ በብዛት የመጣው ከቡድሂስቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የሚባል አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው በሽተኞች ሥልጠና ከፈተ። ከሃይማኖቱ ለይቶ መቀመጡንና ማስተዋሉን ብቻ ወሰደ። ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙት አብዛኛው ነገር ከዚያ የተቀዳ ነው። የእኛም ከዚያው ነው፣ ያውም ተቆራርጦ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፤ እኔም ከዚያ መስመር የምወጣ ሰው አይደለሁም። ልጅዎ በሦስቱ ደቂቃ ውስጥ በሆዱ አቡነ ዘበሰማያት ቢደግም፣ ወይም ዚክር ቢያደርግ፣ ወይም ስለ ኳስ ቢያስብ ማንም አይጠይቀውም። የማይፈልግ ልጅ ደግሞ በዝምታ መጽሐፍ ያነባል። አንድ ማስታወሻ መላክ ይበቃል፣ ምክንያት አልጠይቅም።

ለምን ጀመርኩት? ባለፈው ዓመት አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ከሞዴል ፈተና መሀል ወረቀቷን ገልብጣ እያለቀሰች ወጣች። ትምህርቱን ታውቀዋለች፤ ውጪ ቁጭ ብለን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ስጠይቃት መለሰችልኝ። እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን እንደምላት ጠፋኝ። «አይዞሽ» አልኳት፤ «አይዞሽ» ደግሞ ምን እንደሚደረግ አይነግርም። በኋላ ስለ ትንፋሽ ማንበብ ጀመርኩ። አየር ስናስገባ ልባችን ትንሽ ፈጠን ትላለች፣ ስናስወጣ ቀስ ትላለች። ስለዚህ ረዘም አድርጎ ማስወጣት ልብን ያረጋጋል። ይሄን ማንም ሰው የእጁን ደም ሥር ይዞ ሊያየው ይችላል። አንድ ልጅ ሲደነግጥ የሚይዘው ነገር ይኑረው ብዬ ነው የጀመርኩት።

አሁን ደግሞ ሊያሳፍረኝ የሚችለውን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ። ብሪታኒያ ውስጥ በ85 ትምህርት ቤቶች፣ ከ8,000 በላይ ተማሪዎች ላይ የዚህ ዓይነት ሥልጠና በሰፊው ተፈትኖ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ልጆቹ ከተለመደው ትምህርት በተለየ የአእምሮ ጤናቸው አልተሻሻለም። ሳነበው ሁሉንም ልተወው ነበር። ግን ሁለት ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው አልተለማመዱትም። ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ይልቅ የጠቀመው መምህራኑን ነበር፤ ድካማቸው ቀነስ ብሎ ነበር፣ እሱም ለጊዜው። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤት ብቻ የሚደረግ ነገር ደወል ሲደወል ያበቃል፣ ልጅም ትልቅ ሰው ሲያደርገው ያላየውን ነገር አይዘውም። ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ልሳሳት እችላለሁ። ግን ቤት ውስጥ እኛ ስልክ ላይ ተደፍተን እነሱን «ተረጋጋ!» ብለን እንደምንጮህ ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም።

ስለዚህ ስለ ራሴ ላውራ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቻለሁ።

መጀመሪያ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ መሬት ላይ እግሬን አጣጥፌ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ አልኩ። ፎቶ ላይ እንደዛ ነው ያየሁት። አምስተኛው ቀን ላይ ጉልበቴ አልዘረጋ አለኝ፣ ስድስተኛው ቀን የለም። ሁለተኛው ጊዜ አፕ ጫንኩ። ሰዓት ልሞላ ስልኬን ስከፍት የዩኒት ሊደራችን መልእክት፤ እሱን ስመልስ ሌላ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትንፋሼን ሳይሆን የሰው ሠርግ ፎቶ እያየሁ ነበር። ሦስተኛው በዐቢይ ጾም ነው። በጣም ጥሩ ሄደ! ከዚያ ፋሲካ መጣና ከዶሮው ጋር አብሮ ተበላ።

አራተኛው ግን ይዞኛል። ምንም ብልሃት የለውም። ባለቤቴ ጠዋት ጀበናውን ስትጥድ እኔ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ቡናው ሲፈላ እነሳለሁ። «መቼ ላድርገው?» የሚል ጥያቄ የለም፤ ጀበናው ይነግረኛል። ጉልበቴም ሰላም ነው። ስልኬ ሌላ ክፍል ነው። አንዳንድ ቀን ቡናው ቶሎ ይፈላና ሁለት ደቂቃ ትሆናለች። ትሁን።

ይሄን ሳስብ አያቶቻችን ቀድመውን እንደነበር ገባኝ። አዛን ሰምቶ ለሰላት የሚነሳ ሰው «ዛሬ ደስ ብሎኛል ወይ?» ብሎ ራሱን አይጠይቅም። ሰዓታት የሚቆሙ አባቶችም እንደዚያው። ሰዓቱ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ሰውየው መምጣት ብቻ ነው። እኛ ግን ጊዜ ስናገኝ እናደርገዋለን እንላለን። ጊዜ ተገኝቶ አያውቅም። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ ሳይታሰብ የሚደረግ አንድ ነገር ፈልጉና ሦስቱን ደቂቃ እሱ ላይ ስፉት። ልጆቹ ጫማ ካሰሩ በኋላ ሰርቪስ እስኪመጣ። መኪና ካላችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ከመውረዳችሁ በፊት። ማታ ቴሌቪዥን ሲዘጋ። አልጋ ላይ ግን አልመክርም፤ ትተኛላችሁ። መተኛት መጥፎ አይደለም፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል ለምትሉ፣ በየቦታው የሚወራውን 21 ቀን እርሱት። የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አንድ አዲስ ነገር መርጠው ከዕለት ሥራቸው ጋር አያይዘው እንዲለማመዱ አደረጉ። ሳያስቡት ማድረግ እስኪጀምሩ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ለአንዱ 18፣ ለሌላው ደግሞ በስሌት ሲገመት 254። ደስ ያለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። እኛ አገር አንድ ቀን ሲዘለል «በቃ ተበላሸ» ተብሎ ይተዋል። አይተውም። ልቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ልጅ ያተኩሰዋል። በማግስቱ ጀበናው መልሶ ይጣዳል።

እባካችሁ አንድ ነገር አታድርጉ። ቅጣት አታድርጉት። «ረበሽክ፣ ሂድና ትንፋሽህን ቁጠር!» ከተባለ ልጁ ዕድሜ ልኩን ትንፋሹን ይጠላል። አታስገድዱ፣ አትመዝኑ፣ «እስከ ስንት ደረስክ?» ብላችሁ እንደ ማትስ ውጤት አትጠይቁ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋርም አታወዳድሩ። እናንተ ብቻ ተቀመጡ። ይመጣሉ። መጀመሪያ ሊያስቋችሁ ይመጣሉ። የእኔ ትንሹ ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቴ ላይ እጁን እያወዛወዘ ነቅቼ እንደሆነ ሲያጣራ ነበር። አሁን አጠገቤ ይቀመጣል፤ የሚቆጥረው ግን ትንፋሽ ይሁን የቡናውን ስኒ አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም።

አንድ ከበድ ያለ ነገር ደግሞ አለ። ዝም ሲል የሚብስበት ልጅ አለ። ቅርብ ጊዜ ሰው የሞተበት፣ ከግጭት አካባቢ መጥቶ የተመዘገበ፣ ቤቱ ውስጥ ጭቅጭቅ ያለበት። ዓይኑን ሲጨፍን ሊያይ የማይፈልገው ነገር ሊመጣበት ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ወይም ለእኔ በግል ንገሩን፤ ሌላ ሰው አይሰማም። ልጁ በዚያ ሰዓት ጥቁር ሰሌዳውን ያጽዳ፣ ደብተር ያድል። የሚያለቅስ፣ የማይተኛ፣ ምግብ የተወ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ትንፋሽ መቁጠር መድኃኒቱ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እንግዲህ በዚህ ሴሚስተር የምናደርገው ይሄ ነው። ጠዋት ከ2:15 እስከ 2:18 ኬጂን ጨምሮ ሁሉም ክፍል ዝም ይላል፤ ቢሮም ዝም ይላል፣ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ብትደውሉ አላነሳም። ሚኒ ሚዲያው የሚከፈተው ከ2:18 በኋላ ነው። ልጆቻችሁን የምታደርሱ ከ2:10 በፊት ብታደርሱልን ደስ ይለናል፤ በር ላይ ጥሩምባ የምትነፉ ደግሞ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መሞከር የምትፈልጉ ወላጆች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንገናኝ። ምንጣፍ አያስፈልግም፣ ልዩ ልብስ አያስፈልግም፣ የሚከፈል አፕ በፍጹም አያስፈልግም። ሦስት ደቂቃ ተቀምጠን፣ የቀረውን ሰዓት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ፣ ልትቆጡኝ የምትፈልጉም ኑ። ቡና አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ማሳሰቢያ፦ የሁለተኛው ሩብ ዓመት ክፍያ ደብዳቤ ሐሙስ ይላካል። እሱን ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ አስር ቁጠሩ።