ገና ነው እንዴ?

ሚሚዬ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «የአንድ ዓመት ፌሎውሺፕ፣ የትከሻና የክርን ሕክምና ተጨማሪ ሥልጠና፣ ልገባ ነው» ስትይኝ «ገና ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩብሽ። ዝም አልሽ። ዝምታሽ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የእድር ሰው ወሬ አሰልችቶኝ ነው። «ልጅሽ ዛሬም አልጨረሰችም?» ይሉኛል ቡና ላይ። እቆጥርላቸዋለሁ። ኮሌጅ 4 ዓመት፣ ሕክምና 4፣ የአጥንት ሐኪምነት ሥልጠናው (ሬዚደንሲ የምትሉት) 5። አሁን ደግሞ ለትከሻና ለክርን ሌላ 1። «ለክርን ብቻ?» ብላ አንዷ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ይቅር በይኝ።

ማታ ነጠላዬን ላጣፋ ስል ክንዴ አልነሳ አለኝ። የቀኙ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ፀጉሬን እንኳ ጎረቤት ነው የምታበጥርልኝ። ያኔ ያጫወትሽኝ ትዝ አለኝ። ክንድ የሚያነሱት ጅማቶች ተበጥሰው ላለቁበት ሰው፣ መገጣጠሚያውን እንደ ተፈጥሮው አድርገው ቢቀይሩለትም ክንዱ አይነሳም። ግራሞን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በእነሱ አቆጣጠር በ1985 ዲጆን ላይ ገለበጠው። ትከሻ ኳስና ኳሱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ነው፤ ኳሱን ጎድጓዳው ቦታ፣ ጎድጓዳውን ኳሱ ቦታ አደረገው። ትከሻ ላይ የተደፋው ትልቁ ጡንቻ የሌሎቹን ሥራ ተረከበ። አሜሪካ የፈቀደችው በ2003 ነው ብለሽኛል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የተገለበጠ ሳቃና ነው የኖርኩት፤ ገልብጦ ማዳን እንዳለ ካንቺ ሰማሁ።

ክርንን ግን ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ።

የአጎትሽ ቀኝ እጅ ለምን እንደተኮማተረ ስትጠይቂኝ «ሲወለድ ነው» እልሽ ነበር። አይደለም። የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ ከኮክ ዛፍ ላይ ወደቀ፣ እጁን እንደዘረጋ። ክርኑ አበጠ። የሰፈሩ ወጌሻ በቅቤ አሽቶ፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፎ፣ በጨርቅ ጥፍንግ አድርጎ አሠረው። ሌሊት አጠገቡ የተኛሁት እኔ ነበርኩ፤ የ12 ዓመት ልጅ። «ፍቺልኝ» ይለኛል። ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ በረዶ ሆነዋል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብዬ ጋቢ ደረብኩበት። ጣቶቹን እፍ እያልኩ አሞቅሁለት እንጂ ጨርቁን አልፈታሁም።

ምን እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ሳታውቂ። ስለ ሌላ ልጅ ነበር የምታወሪው። ዋናው የደም ሥር በክርን ፊት ለፊት ነው የሚያልፈው አልሽኝ። አጥንቱ ከክርን በላይ ሲሰበርና እብጠቱ በጠባብ ማሰሪያ ውስጥ ሲታፈን፣ ደም ይቋረጣል። ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፣ ከዚያም እጁ እንዲህ ተኮማትሮ ይቀራል። ከኋላ ደግሞ ክርናችንን ስንመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን ነርቭ አለ። ስልኩን ዘጋሁና ኩሽና ገባሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው አልኳቸው።

ወጌሻውን አልወቅስም። ስንት ወለምታ አሽቶ ያዳነ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ሠራ። እኔ ግን ጣቶቹን በእጄ ይዤአቸው ነበር።

እና አንድ ዓመትሽን ግቢ። ቀኑን ሙሉ ትከሻና ክርን ብቻ፣ ከአንድ የበሰለ ሐኪም ጎን ቆመሽ። እድርተኞቹን ለእኔ ተያቸው። ትከሻዬም ይጠብቅሻል፤ ለማንም ሐኪም አላሳየሁትም። (አውቃለሁ፣ ትቆጪኛለሽ።) ምግብ ግን ብዪ።

አጎትሽ ሰላም ብሎሻል። ይህን ደብዳቤ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽ እሱ ነው፣ በግራ እጁ። እንደሚያነበው አውቃለሁ። አጠገቡ እቀመጣለሁ።

እናትሽ