አባዬ፣ አሸዋውን ለምን እንደጫንኩ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ እንደ ጉድ ነው እንጂ ሌላ የጎደለብኝ ነገር የለም።

ባለፈው ከፒክአፔ ኋላ አሸዋ ጭኜ የላክሁልህን ፎቶ አይተህ «ምነው ልጄ፣ አሸዋ መሸጥ ጀመርክ እንዴ?» ስትለኝ በደንብ ሳላስረዳህ መስመሩ ተቋረጠ። ለሌላ ሰው ቢሆን በሁለት ቃል አልፈው ነበር። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ መሪ ላይ የኖርክ ሰው ነህ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

አሸዋው የሚሸጥ አይደለም። የብርዱ ወራት እስኪያልፍ ከኔ ጋር ይውላል፣ ከኔ ጋር ያድራል። ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ክብደቱ ወደ ፊት እንደሆነ ታውቃለህ። ሞተሩም ካምቢዮውም ጋቢናውም ከፊት ነው፣ ከኋላ የቀረው ባዶ ቆርቆሮ ነው። የኔ መኪና ደግሞ ፎር ዊሉን ካላስገባሁት የሚገፋው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ገፊው ጎማ ላይ የሚጫነው ነገር ከሌለ፣ በረዶ ላይ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ መሬት አይቆነጥጥም።

የመጀመሪያው ዓመት ይህን ሰምቼ አሸዋ ጫንኩ፣ ግን አጫጫኑን አበላሸሁት። ለማውረድ ይቀለኛል ብዬ ከረጢቶቹን መጨረሻ ላይ፣ የኋላው መዝጊያ ሥር ደረደርኳቸው። አንድ ቀን ጠዋት መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ መሪው እጄ ላይ ቅልል አለኝ። ጎማው ዞሯል፣ መኪናው ግን ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሄዶ ሄዶ መንገድ ዳር ከተከመረው በረዶ ውስጥ በአፍንጫው ተሰካ። እግዚአብሔር ይመስገን እኔም ሌላ ሰውም አልተጎዳም። ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለ ክብደት የፊቱን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ፊቱ ሲቀል ደግሞ መሪ የለህም። አንተ ጭነት ስታስጭን ሁልጊዜ «ወደፊት ግፉት፣ ወደፊት» ስትል የነበረው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አሁን 4 ከረጢት ነው የምጭነው፣ እያንዳንዱ 30 ኪሎ። ቦታቸው ልክ የኋላው አክስል ላይ ወይም ትንሽ ወደ ጋቢናው ቀረብ ብሎ ነው። ከፊትና ከኋላ ጣውላ ገጥሜላቸዋለሁ፣ በላይ ደግሞ በገመድ ታስረዋል፤ ምክንያቱም ድንገት ፍሬን ብይዝ ወይ ብጋጭ 120 ኪሎ አሸዋ ተወርውሮ ከጀርባዬ እንዲመጣብኝ አልፈልግም። ጠቅላላ ጭነቱ በሹፌሩ በር በኩል ከተለጠፈው ልክ እንዳያልፍም አያለሁ። የወረደውን በረዶ እዚያው ኋላ ላይ ትተው «ይሄው ክብደት» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልወደውም። ይቀልጣል፣ ይንሸራተታል፣ በነፋስ ተነስቶ ከኋላ የሚመጣ ሰው መስታወት ላይ ያርፋል። አሸዋ ግን መኪናው በረዶ ውስጥ ሲያዝብህ ጎማ ሥር ትበትነዋለህ። እርጥብ አሸዋ ሲበርደው ድንጋይ ስለሚሆን፣ ለመበተን የሚሆን አንድ ትንሽ ደረቅ ከረጢት ጋቢና ውስጥ አለኝ።

ግን አባዬ፣ ከአሸዋው ሁሉ በፊት ጎማው ነው። ገንዘብህን አንድ ነገር ላይ ብቻ አውጣ ብባል ጎማው ላይ ነው የማወጣው። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን እየደረቀ ይሄዳል። የብርድ ጎማ ላስቲኩ ሌላ ነው፣ ሲበርደውም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጥርሱን ጠጋ ብለህ ብታየው በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ብዙ ቀጭን ስንጥቅ አለው፣ በአውራ ጣትህ ስትጫነው ይከፈታል። በረዶውን የሚነክሰው በነዚያ ስንጥቆች ጠርዝ ነው። እውነተኛው የብርድ ጎማ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሀሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት አለው። ኤም ፕላስ ኤስ (ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) የሚል ብቻ ከሆነ ስለ ጥርሱ አቀራረጽ ነው የሚነግርህ፣ አይበቃም። አራቱንም ነው መቀየር። አንድ ሰው «የሚገፋው የኋላው ስለሆነ ሁለቱ ይበቁሃል» ብሎኝ ነበር፣ እንኳን አልሰማሁት። የሚዞረውም፣ አብዛኛውን ፍሬን የሚይዘውም የፊቱ ነው። ጥርሱ 4 ሚሊሜትር ሲደርስ ለበረዶ አልቆለታል፣ ለአስፋልት ገና ቢመስልም።

የጎማውን ንፋስም ቶሎ ቶሎ እለካለሁ። ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር 1 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያው) ያህል ይጎድላል። ሳትነካው ይተነፍሳል ማለት ነው።

እኛ ሁሉንም በረዶ ብለን እንጨርሰዋለን፣ እዚህ ግን ጎማህ ሥር ሲሆን ልዩነቱ ይገባሃል። አዲስ የወረደው ብናኝ ይሻላል፣ ጥርሱ ይገባበታል። ስንት መኪና ሲጠቀጥቀው የዋለው ይከፋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የማይታየው ነው። አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስልሃል፣ ላዩ ላይ ግን እንደ መስታወት ስስ በረዶ ተጋግሯል። ድልድይ ላይ ነፋሱ ከሥርም ስለሚያገኘው ቀድሞ ይጋገራል። ደግሞ በጣም የበረደ ቀን ነው የከፋው እንዳትል። ዜሮ አካባቢ፣ ላዩ ውሃ ያዘል ሲል፣ ያኔ ነው የሚያንሸራትተው።

ፎር ዊሉ ለመነሳት አንደኛ ነው፣ ዳገትም ያወጣል። ለማቆም ግን ምንም አይረዳም፣ ፍሬን ሲያዝ ሁሉም መኪና ባለ አራት ጎማ ነው። አሸዋውም እንደዚያው፣ ለመነሳት ያግዛል እንጂ ቶሎ አያቆምህም። ስለዚህ ከፊቴ ካለው መኪና በጣም እርቃለሁ፣ ነዳጅም ፍሬንም እንቁላል የረገጥኩ ያህል ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ስደርስ ፎር ዊሉን አወጣዋለሁ፤ የኔ ዓይነቱ የፊትና የኋላውን አንድ ላይ ስለሚያስር ኩርባ ላይ የማርሹን ጥርስ ያስጨንቀዋል።

ከተያዝኩ ደግሞ እንደ ድሮዬ ነዳጅ አልሰጥም። ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ሥሩ ያለውን ያሞቀዋል፣ ይቀልጣል፣ መልሶ ይጋገራል። አንዴ ወርጄ ጎንበስ ብዬ ሳየው ጎማው የቆፈራት ጉድጓድ ብርጭቆ የመሰለች ለስላሳ ገበታ ሆናለች፣ የራሴን መብራት አየሁባት። አሁን መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ዙሪያ በአካፋ እጠርጋለሁ፤ ከተደፈነ ጭሱ ጋቢና ገብቶ ሰው ይገድላል። ከዚያ የጎማዎቹን ፊት አጸዳለሁ፣ ደረቁን አሸዋ እበትናለሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እነሳለሁ።

አሁን የቀረኝ ጎማ ላይ የሚታሰረው የበረዶ ሰንሰለት ነው፣ ትናንት ገዛሁ። ከ50 ኪሎሜትር በሰዓት በላይ አይነዳበትም፣ ትንሽ እንደሄዱም ወርዶ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። መንገድ ላይ በጨለማ ከመታገል ብዬ ዛሬ በር ላይ ሞከርኩት፣ ብረቱ እንዴት ይቀዘቅዛል፣ ጓንት አድርጌ እንኳን ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። የውስጠኛው መንጠቆ ደግሞ እየላላ አስቸገረኝ። አንተ በጭቃ ጊዜ ሰንሰለት ታስር ነበር አይደል? የውስጡን ጎን እንዴት ነበር የምታጠብቀው፣ መጀመሪያ ዘርግተህ መኪናውን ላዩ ላይ ትነዳዋለህ ወይስ ጎማውን በክሪክ ታነሳዋለህ? እሁድ ስደውል ንገረኝ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ