ሮስተሩ ጥቂት ይቆይ፤ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ መምህራን ስለ ተማሪዎቻቸው አስቀድመው የሚይዙት ግምት በሙከራ እንዲጠና ስለመጠየቅ

በምሥራቅ ጎጃም የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆኜ የማገለግል ነኝ። መስከረም በገባ ቁጥር አዲስ ክፍል የሚረከብ መምህር ከጠመኔውና ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ያለፈውን ዓመት ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎቹ ውጤትና ደረጃ የተመዘገበበትን ዝርዝር ይረከባል። ልጆቹን በዓይኑ ሳያያቸው፣ ከሮስተሩ ላይ ፈጣን፣ መካከለኛና ዘገምተኛ ብሎ ይለያቸዋል፤ የአንድ ለአምስት ቡድኑንም በዚያው ያደራጃል። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

አንድ ዓመት በተረከብሁት አምስተኛ ክፍል ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ። በሮስተሩ አንደኛዋ ሦስተኛ የወጣች፣ ሌላዋ ከመጨረሻዎቹ መካከል የተመዘገበች ነበረች። የአያት ስማቸውን ባለማመሳከሬ አቀያየርኋቸው። ከኋላ በመስኮቱ ሥር ትቀመጥ የነበረችውን ልጅ ጎበዟ እርሷ ናት ብዬ ወደ ፊት አመጣኋት፤ ጠይቄያት መልሱ ቢዘገይባት «ረጋ ብለሽ አስቢ፣ ታውቂዋለሽ» እያልሁ ጠመኔዬን እንደያዝሁ እጠብቃት ነበር። ሌላዋ ትንሽ ዝም ካለች ግን «እሺ ተቀመጪ፤ ሌላ ማን ይመልሳል?» ብዬ ወደ ጎረቤቷ እዞር ነበር። ስሕተቴን ያወቅሁት የመንፈቀ ዓመቱን ውጤት ስሞላ፣ የአያት ስም ከሚጻፍበት ዓምድ ስደርስ ነው። የመስኮቷ ልጅ ከክፍሉ አጋማሽ በላይ ወጥታ ነበር፤ ሦስተኛ የነበረችው እጅ ማውጣት ትታ ነበር። እርሷን ወደ ቀድሞ ድፍረቷ ለመመለስ የቀረው ዓመት አልበቃኝም። ይህ ጸጸት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሆኖም የሁለት ልጆች ታሪክ ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት አንዷ ቤቷ ሥራ በዝቶባት፣ ሌላዋ የሚያስጠናት ታላቅ አግኝታ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው በዕጣ በተከፈለ ሙከራ ነው።

እንዲህ ያለው ሙከራ በሌላ አገር ከተጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሮበርት ሮዘንታል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ሌኖር ጃኮብሰን የተባለች ርዕሰ መምህርት በካሊፎርኒያ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቹን ከፈተኑ በኋላ፣ 20 በመቶ ያህሉን በዕጣ መርጠው «እነዚህ በዚህ ዓመት ፈጥነው ይሻሻላሉ» ሲሉ ለመምህራኑ ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ውጤት ከተመረጡት መካከል የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ከጓደኞቻቸው በልጠው ተገኙ፤ ከዚያ በላይ ባሉት ክፍሎች ግን ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። ሮበርት ቶርንዳይክን የመሰሉ የምዘና ሊቃውንት ፈተናው ለትንንሾቹ ልጆች አስተማማኝ አይደለም ብለው ተቹት፤ ትችቱ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ስቴፈን ራውደንቡሽ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዲህ ያሉ 18 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ የደረሰበት ነው፤ መምህሩ ልጆቹን ካወቀ ከሁለት ሳምንት ያልበለጠው ከሆነ የተነገረው ግምት ውጤት ነበረው፤ ከዚያ በላይ ካወቃቸው ግን ውጤቱ ከምንም አይቆጠርም ነበር። እኛ ደግሞ ሮስተሩን የምንሰጠው ልክ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው።

በክልላችን ትምህርታቸው ለወራት፣ የአንዳንዶቹም ለዓመታት ተቋርጦ የሚመለሱ ልጆች በበዙበት በዚህ ጊዜ ነገሩ ይብሳል፤ አሮጌው ሮስተር የሚናገረው ዛሬ ከፊታችን ስለተቀመጠው ልጅ አይደለም። እዚሁ ጎጃም በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ የደረጃ ዝርዝር ይዞ አይገባም፤ የሚመዘነው ቆጥሮ በሚያቀርበው ቅኔ ነው።

ስለዚህ ቢሮው በጥቂት ወረዳዎች ፈቃደኛ ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ለሁለት እንዲከፍል እጠይቃለሁ። በግማሾቹ ሮስተሩ እንደ ወትሮው በመስከረም ይሰጥ፤ በቀሩት በርዕሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ተቆልፎ እስከ ኅዳር ይቆይ፤ የዓይን፣ የጆሮ ወይም ሌላ የጤና ችግር ያለበት ልጅ ጉዳይ ግን በሁለቱም ወገን ከመጀመሪያው ቀን ለመምህሩ ይነገር። ሱፐርቫይዘሮች ትምህርት ቤቱ በየትኛው ወገን እንደወጣ ሳይነገራቸው ክፍል ገብተው፣ መምህሩ ማንን እንደሚጠይቅና ለእያንዳንዱ ልጅ መልስ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ይመዝግቡ። የሰኔው ፈተናም ስም በኮድ ተሸፍኖ በሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ይታረም። በሕንድ ሬማ ሃናና ሊ ሊንደን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሙከራ በፈተና ወረቀቶች ላይ የተማሪው የካስት (በትውልድ የሚወረስ ማኅበራዊ ደረጃ) መደብ በዕጣ ተጽፎ ለአራሚዎች ሲሰጥ፣ የዝቅተኛው መደብ የተባሉት በጥቂቱም ቢሆን ያነሰ ማርክ አግኝተዋልና ስሙን መሸፈን ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

ለደረጃ ዕድገት በየዓመቱ የምንጽፈው ተግባራዊ ምርምር ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ የራሱን ክፍል ብቻ የሚያይ መምህር የሚያነጻጽርበት ሌላ ክፍል የለውምና። ደግሞም በዚህ ሙከራ ለማንም መምህር ውሸት አይነገርም፤ ማንም ልጅ ደካማ ተብሎ አይመደብም። ወላጆችም በስብሰባ ተነግሯቸው ይወቁት።

የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች በመረጃ ትንተናው ሊያግዙ ይችላሉ። ዕጣው ከምዝገባ በፊት በነሐሴ ቢወጣ ለመስከረም ይደርሳል። ቢሮው ሥራውን ከጀመረ፣ በአካባቢዬ ባሉ ትምህርት ቤቶች ክፍል ገብቶ በመመዝገብም ሆነ ወረቀት በኮድ በመሸፈን ያለ ክፍያ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
ከምሥራቅ ጎጃም አንድ መምህር