ሰርቨሩን አጥፍቶ ለማስነሳት ማን ይፍቀድልን?

ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ተጭኖ ሥራ ያልጀመረ የከርነል ማሻሻያን ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዕድሜዬን በሰርቨር ክፍል ያሳለፍኩ ባለሙያ ሆኜ ነው። ስለ ሰርጎ ገቦች ብልሃት ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ እሱን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የመጣሁት ስለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላመለክት ነው።

ወረቀቷን ያየሁት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙ ይቆየን። ለሌላ ሥራ ተጠርቼ ሰርቨር ክፍሉ ስገባ፣ መደርደሪያው መካከል ካለው ማሽን ፊት ላይ በፕላስተር ተለጥፋ፣ ጠርዟ በሙቀት ተጠቅልሎ አገኘኋት። «አይነካም! ሳይደወል እንዳይጠፋ» ትላለች፤ ከሥሯ ስልክ ቁጥር አለ። የቁጥሩ ባለቤት መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ማሽኑ ሊኑክስ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ነው። ሳይጠፋ ስንት ጊዜ እንደቆየ ብጠይቀው 611 ቀን ብሎ መለሰልኝ። አጠገቤ የቆመው ወጣት ባለሙያ ፈገግ አለ። አልፈርድበትም፤ በእኛ ሙያ ይህ ቁጥር ለዓመታት እንደ ሜዳልያ ሲቆጠር ኖሯል። ቀጥዬ የትኛው ከርነል እየሠራ እንደሆነ፣ ዲስኩ ላይስ የትኞቹ እንደተጫኑ አየሁ። አራት አዳዲስ ከርነሎች በየጊዜያቸው ወርደው፣ ተጭነው፣ ተራቸውን እየጠበቁ ተቀምጠዋል። እየሠራ ያለው ከአራቱም በፊት የነበረው አሮጌው ነው።

ነገሩ ሙያው ላልሆነ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ከርነል የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት ነው፤ ማህደረ ትውስታውን፣ ዲስኩንና መረቡን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያድለው፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። ሌላ ፕሮግራም ሲታደስ ያንኑ ፕሮግራም ዘግቶ መክፈት ይበቃል። ከርነል ግን ማሽኑ ሲነሳ አንድ ጊዜ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ገብቶ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ከዚያ አይወጣም። አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ዓመት ቢቀመጥ፣ ሰርጎ ገብ የሚገባበት የአሮጌው ቀዳዳ እንደተከፈተ ነው። በሥራ ላይ እያለ የሚጠገንበት ዘዴም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ተካቷል፤ ሁሉንም ጥገና ግን አይሸከምም።

«ታዲያ ለምን አጥፍታችሁ አታስነሱትም?» አልኩት ወጣቱን።

«ማን ይፈቅድልኛል?»

ለአይሲቲ ዳይሬክቶሬቱ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ዳይሬክቶሬቱ ወደ ተጠቃሚው ክፍል መራው፤ ተጠቃሚው ክፍል ባለጉዳይ እየጠበቀ ሥርዓቱ ሊቋረጥ አይችልም አለ፤ ማስታወሻው በዚያው ቀረ። የልጁን ሒሳብ አስቡት። ማሽኑን አጥፍቶ ባይነሳለት ተጠያቂው እሱ ነው፣ ስሙ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ሳያጠፋው ቢቀርና ቢሰበር ግን ጥፋቱ የሰርጎ ገብ ነው፤ እሱን የሚጠይቀው የለም። እኔስ በእሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር?

ከሳምንታት በኋላ ደወለልኝ። ሌሊት መብራት ሄዶ፣ የመጠባበቂያው ባትሪ አልይዝ ብሎ ማሽኑ ጠፍቷል። ጠዋት ሲነሳ በአዲሱ ከርነል ተነሳ። ሰው ያልፈቀደውን መብራቱ ፈቀደው።

ይህ ለጨዋታ የሚነገር ቢመስልም ከኋላው ያለው ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ይፋ የሆነውን «ደርቲ ካው» የተባለ የሊኑክስ ከርነል ክፍተት ታስታውሳላችሁ። ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ ከርነሉ በአንድ ጊዜ በሚሠራቸው ሁለት ሥራዎች ሽሚያ መካከል ሾልኮ ፋይሉ ላይ ይጽፍና የማሽኑ ጌታ ይሆናል። ክፍተቱ ከርነሉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ጥገናውን ሲያስገባ፣ የችግሩን ሥር ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ከ11 ዓመት በፊት፣ ራሱ ሊያርመው ሞክሮ እንዳልተሳካለት ጽፏል። ክፍተቱ ይፋ ሲሆን ሰርጎ ገቦች ቀድመው እየተጠቀሙበት ነበር፤ ያገኘው ባለሙያም ወደ ተጠቃ ሰርቨር በመረብ የገባውን መልእክት ቅጂ ሲመረምር ነው የያዘው። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2022፣ ተመሳሳይ ጉልበት ያለው «ደርቲ ፓይፕ» መጣ። የኋለኛውን ያገኘው ማክስ ኬለርማን ሰርጎ ገብ ሲያሳድድ አልነበረም፤ የደንበኛ መዝገብ ፋይሎች ለምን እንደሚበላሹ ሲያጣራ ነው የደረሰበት። የጥገናው ኮድ ለሁለቱም በነጻ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት ብቻ ነበር።

የመዘግየቱን ዋጋ ደግሞ እንግሊዞች ከፍለው አሳይተውናል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን የፋይል መጋሪያ ክፍተት የጠገነው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2017 ነው፤ ክፍተቱ የነበረውም በከርነል ደረጃ በሚሠራው ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ክፍተት እየገባ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ የተነሳው ግንቦት 12 ነው። በመካከሉ 59 ቀን አለ። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች ኮምፒውተሮቻቸው ተቆልፈው ቀሩ፤ የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ከ19,000 በላይ ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀሩ ገምቷል። ከተጠቁት የሚበዙት ጥገናው ወጥቶላቸው ያልጫኑ የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበሩ። ማይክሮሶፍት ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2014 ላቋረጠለት ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ በማግስቱ ጥገና አወጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

«ማሻሻያው ራሱ ቢሰብረንስ?» የሚለውን ጥያቄ አላቃልልም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ የደህንነት ፕሮግራሙ በከርነል ውስጥ ለሚሠራው ክፍሉ የተሳሳተ ፋይል ልኮ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን አስተኝቷል፤ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሳይቀሩ ቆመዋል። ያ ፋይል የተላከው ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነበር። የልጁን ማሽን በተመለከተ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ባለጉዳይ በማይነካው አንድ ማሽን ላይ ሞክሮ፣ ቀን አሳድሮ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ መሄድ። አሮጌው ከርነልም ዲስኩ ላይ ስላለ አዲሱ ቢያስቸግር ሲነሳ እሱን መምረጥ ይቻላል። ይህን ሁሉ ልጁ ያውቃል። የጎደለው ፈቃዱ ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለመንግሥት ተቋማት የምታወጡት መመሪያ እያንዳንዱ ሥርዓት በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በተጻፈ ቀንና ሰዓት፣ ለጥገና እንዲቋረጥ ያስገድድ። ሰዓቱን የሚፈርመው የሰርቨር ባለሙያው ሳይሆን የተቋሙ የበላይ ኃላፊ ይሁን። ክፍተቱ በሰርጎ ገቦች እጅ መግባቱ ሲታወቅ ደግሞ ወሩ እስኪደርስ ሳይጠበቅ የመጨረሻ ቀን ይቆረጥለት። የአሜሪካ የሳይበርና መሠረተ ልማት ደህንነት ኤጀንሲ ከኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥቃት የሚፈጸምባቸውን ክፍተቶች በዝርዝር እያወጣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ቀን ይቆርጥላቸዋል፤ ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ስለሆነ ከባዶ መጀመር የለባችሁም።

ስትፈትሹን «ማሻሻያ ተጭኗል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁላችንም አዎን ብለን እንመልሳለን፤ አልዋሸንምም። የሚሠራው ከርነል የትኛው እንደሆነና ማሽኑ መቼ እንደተነሳ አሳዩን በሉ። ሁለት ትእዛዝ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ግዥውም አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የጨረታ ሰነዶቻችን የዋስትና ጊዜን አጥብቀው ሲጠይቁ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኝበትን የመጨረሻ ቀን ሲጠይቁ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ፈቃድ በሌለው ዊንዶውስ የሚሠሩ ቢሮዎች እንዳይታወቅባቸው ብለው ማሻሻያውን እንደሚያጠፉትም እኔም እናንተም እናውቃለን፤ እሱ የራሱ ደብዳቤ ይወጣዋል።

የምጠቅሰው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ልጁ ሥራውን ይፈልገዋል። ባለፈው ወር ስሄድ ወረቀቷ አሁንም እዚያው ነበረች፤ ስልክ ቁጥሩ ብቻ በእስክሪብቶ ተሰርዞ የእሱ ተጽፎበታል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሰርቨር ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ማስታወሻ ተመርቶላቸው መልስ ላልሰጡ ክፍሎች ሁሉ