ኪኒን የሚያስጥል ጭማቂ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ገጻችሁ «የልብ ቧንቧን የሚጠርግ የደሴት ፍሬ» ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ከሥሩ የሻጩ ስልክ ቁጥር አለ። ታዲያ ዜና ነው ማስታወቂያ?

ፍሬው ኖኒ ነው። በታሂቲና በሌሎች የፓስፊክ ደሴቶች ይበቅላል። ፋርማሲ ስለምሠራ የጭማቂውን ጠርሙስ በደንብ አውቀዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ ዋጋው አይቀመስም።

ጽሑፉ «በጥናት የተረጋገጠ» ይላል፣ የቱ ጥናት እንደሆነ ግን አይናገርም። ሻጮቹ ሁሌ የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመውን ነው። 132 ከባድ ሲጋራ አጫሾች ተሳትፈውበታል። ለአንድ ወር ኖኒ የጠጡት ሰዎች አማካይ ኮሌስትሮል ከ235 ወደ 190 ወርዷል ይላል። ቁጥሩ ያስጎመጃል። ነገር ግን ከጥናቱ ጸሐፊዎች መካከል የአምራቹ ኩባንያ ተመራማሪዎች አሉበት። ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ቢጠጣውስ? ጥናቱ እሱን አልነካውም። በአንድ ወር ውስጥ ደግሞ ማን ከልብ ሕመም እንደዳነ ማወቅ አይቻልም። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የአሪዞና፣ የካሊፎርኒያ፣ የኒው ጀርሲና የቴክሳስ ዐቃቤ ሕጎች ይህንኑ አምራች ያልተረጋገጠ የፈውስ ወሬ ነዝተሃል ብለው ይዘውት ነበር።

እስቲ ጠርሙሱን አገላብጡት። ኖኒ ብቻውን አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ አለው፤ ስለዚህ የወይንና የብሉቤሪ ጭማቂ ይቀላቅሉበታል። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ምርቱ በሽታ ለመከላከልም ሆነ ለማከም እንዳልተዘጋጀ ተጽፏል። ሻጩ የሚምልበትን ጠርሙሱ ራሱ ይክዳል።

ገንዘቡስ ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ የኪኒኑ ነገር ነው። አንዲት ደንበኛችን የሆኑ እናት የኮሌስትሮል ኪኒናቸውን፣ አቶርቫስታቲንን፣ መግዛት አቆሙ። ምነው ብላቸው «የኔ ልጅ፣ ጁሱ ይበቃሻል ብላኛለች ጎረቤቴ» አሉኝ። እኚህ ሴት ስኳርም አለባቸው! ፍሬ ሲጨመቅ ቃጫው ይጣልና ስኳሩ ይቀራል። ስኳር ሲበዛ ጉበት ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለውጠዋል፤ እሱም ያው የደም ስብ ነው። (የሰፈራችን ስፕሪስም ከዚህ አያመልጥም። አቮካዶው ጥሩ ነው፣ ስኳሩና ከላይ የሚፈስበት ቪምቶ ነው ጣጣው።) ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ኖኒ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀልድ አይደለም። ደም ውስጥ ሲጠራቀም የልብ ምት ያዛባል።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የተከፈለበት ጽሑፍ ከሆነ «ማስታወቂያ» ብላችሁ አናቱ ላይ ጻፉበት። መድኃኒት የሚያስጥል ቃል ካለበት ደግሞ ከማውጣታችሁ በፊት ለአንድ የልብ ሐኪም አሳዩት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ